የቸኮለ መርዶ

እናቴ ሁለት ጊዜ ሞታብኛለች። እየቀለድኩ አይደለም፤ በእናቱ ሞት የሚቀልድ ሰው ካለ እኔ አጠገብ አይድረስ። በመጀመሪያው ጊዜ ቤት ሙሉ ሰው ደረቱን እየመታ አለቀሰላት። ያን ሰዓት እሷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ «ጽጌ ደወለች ወይ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ፤ አለዚያ ንዴቴ ይቀድመኛል።

ያኔ የምኖረው ደቡብ ዳኮታ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የተቀበለኝ የሰፈራችን ሰው እዚያ ስለነበረ እኔም እዚያው ቀረሁ። የምሠራው ሥጋ ፋብሪካ ነው፤ ጓንት አጥልቄ፣ ቢላዋ ይዤ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የአሳማ ሥጋ ስቆርጥ እውላለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የምበላው ምስር ነው። እስቲ ፍረዱኝ! እኔ ደግሞ ሆዴን የምወድ ሰው ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ናዝሬት ሳለሁ ሰርግ ስጠራ ሙሽራዋን ሳላይ ድስቱን ነበር የማየው፤ እማዬም በዚህ ትስቅብኝ ነበር።

የፋብሪካው ልጆች ዋሽንግተን ደርሰው ሲመለሱ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ነው። ሌላ ነገር አይቶ የመጣ ሰው አልገጠመኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ እንዲህ ያለ ክትፎ በላን፣ አሌክሳንድሪያ እንዲህ ያለ ቁርጥ አስቆረጥን፣ ሰዉ ተሰልፎ፣ ፓርኪንግ ጠፍቶ፣ ሙዚቃው ደምቆ ይላሉ። እኔ ምራቄን እየዋጥኩ እሰማለሁ። አብሮ አደጌ ሰናይት የምትኖረው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በደወለች ቁጥር «ነይ እንጂ አንቺ! ያንን በረዶ ታቅፈሽ እስከ መቼ?» ትለኛለች። የሰመሩን ቫኬሽን የፋብሪካው ነባር ሠራተኞች ይሻሙበታል፤ ለእኔ የተረፈኝ የካቲት ነበር። የካቲትም ቢሆን ይሁን ብዬ ትኬት ቆረጥኩ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ለእማዬ ደወልኩላት። ስኳር አለባት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ እግሯ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ ያስነክሳት ነበር። ዋሽንግተን ልበላ ነው የምሄደው ስላት ሳቋ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ነገ እኮ ሁዳዴ ይገባል!»

«ምን?»

«ዛሬ ቅበላ ነው። ሰው በቅበላ ሥጋውን በልቶ ይጨርሳል፣ የእኔዋ በጾም መግቢያ ሥጋ ፍለጋ ትሄዳለች። አዬ ጽጌ!»

ስቃ ስቃ ሳል ያዛት። ያኔ እኛ ከተማ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ጾም ይገባል ብሎ የሚያስታውሰኝ ሰው አልነበረኝም። ራሴን ረገምኩ። ልንዘጋ ስንል «ስትደርሺ ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ልስማ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ያቺን አንዲት ስልክ ስለመደወል ነው።

ሰኞ ስደርስ ሰናይትና ባሏ ግርማ ኤርፖርት ተቀበሉኝ። ሰናይት ገና ከሩቅ ስታየኝ ነው ሳቋ የለቀቃት። «ለቁርጥ መጥተሽ ለጎመን ደረስሽ!» ብላ አቀፈችኝ። ማታውኑ ይዘውኝ ወጡ። ያ ሁሉ የተወራለት ምግብ ቤት ባዶ ነበር። ሥጋ የሚቆረጥበት ቦታ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አስተናጋጇ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ባለቤትየው ሰው ናፍቆት ነው መሰለኝ በያይነቱን ራሱ ይዞ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ።

«በሰመር ብትመጪ ወንበር ለማግኘት ትጣዪ ነበር» አለኝ። «አሁን የፈለግሽው ላይ ተኚበት።»

ውጭው በየጥጉ የተከመረ የጠቆረ በረዶ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው የለም። ሽሮው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እጅ ያስቆረጥም ነበር። ማክሰኞ ሌላ ቤት ሄድን፤ እሱም ጭር ብሏል። ከተማዋን ተኝታ ደረስኩባት እያልኩ እቀልድ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ለእማዬ ለመደወል ሞከርኩ። ያኔ የምንደውለው በካርድ ነው፤ ካርዱ ይፋቃል፣ ያ ሁሉ ቁጥር ይነካል፣ መጨረሻ ላይ መስመሩ ተይዟል ይላል። ደጋግሜ ሞክሬ ሲያቅተኝ ነገ ይሆናል ብዬ ተውኩት። የእኔ ሞባይል ደግሞ ሰናይት ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይዝም።

ቀጥሎ ያለውን እኔ ያወቅሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፤ እኔ ሳላውቅ ስደናበር አብራችሁኝ አትደናበሩ።

ረቡዕ ጠዋት ሻወር ቤት ሆኜ የቤቱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ታናሽ እህቴ አዳነች ናት። ለሰናይት እማዬ በጣም እንደታመመች፣ ከናዝሬት አዲስ አበባ ሆስፒታል እንደወሰዷት ነገረቻት። «ጽጌ ትደውልላት፤ ልታናግራት ትፈልጋለች» አለች።

ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ እኮ እህትሽ ነኝ» አለቻት።

«እውነቴን ነው! ታማለች።»

«አዱ፣ ለእኔ አትደብቂኝ።»

«አልደበቅኩሽም!» ብላ አዳነች ማልቀስ ጀመረች። መስመሩ ተቋረጠ።

በቃ። ለሰናይት ያቺ ለቅሶ በቃቻት። አያችሁ፣ በእኛ ዘንድ ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። የግርማ አባት ያረፉ ጊዜ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት አልፏቸውም «ትንሽ አሟቸው ነው» ይሉት ነበር። ስለዚህ ታማለች ሲባል ማንም ታማለች ብሎ አይሰማም። ሰናይት መልሳ ብትደውል ስልኩ አልገባ አላት፤ ለግርማ ኮል አደረገችለት፤ ግርማ ደግሞ ጋሽ መኮንንን ይዞ መጣ።

ጋሽ መኮንን አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ታክሲ ሲነዱ አርጅተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰው የሞተበትን የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እያለቀሰች ነው ታማለች ያለችው? አርፋለች፣ ልጄ። ስንቱን አርድቻለሁ፤ ቋንቋውን አውቀዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ድጋሚ ደውለን ብናጣራስ?» አለች ሰናይት።

«ያው ታማለች ነው የሚሉሽ። ሐዘንተኛ አታስጨንቂ።»

«እና ዛሬ እንንገራት?»

«ዛሬ ነግረናት ማን አጠገቧ ይቆማል? ሁሉም ሺፍት ላይ ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ይሁን፤ ሰዉ ኦፍ ነው።»

እንግዲህ አሜሪካ መርዶም ኦፍ ይጠብቃል። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ እናቴ በሕይወት ነበረች፤ እያንዳንዷ ሰዓት የእኔ ነበረች። ለሰው ሥራ ተብሎ ተቆለፈችብኝ። ይህን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሐሙስ ግርማ «ኔትወርክ እንዲይዝልሽ ላሠራልሽ» ብሎ ሞባይሌን ወሰደ። የቤቱ ስልክ ተበላሸ ተባለ። ካርዴ ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ፤ ሰናይት አብራኝ ሶፋውን እያነሳች ስትፈልግ ዋለች፤ ለካ በኪሷ ይዛው ነው። «እማዬ ትጠብቀኛለች እኮ» ስላት «አይዞሽ፣ ነገ እገዛልሻለሁ» ትለኛለች። ፊቷን ግን ታዞርብኛለች። እሷ ሥራ ቀረች፤ ግርማም ሥራ ቀረ። አሜሪካ የኖረ ሰው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ሲቀርለት መፍራት ነበረበት። እኔ ግን ክብሬ ነው ብዬ ኮራሁ። ወይ ነዶ!

አርብ አሌክሳንድሪያ ወሰዱኝ። ወንዙን አሳዩኝ፤ ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ ጀልባዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው ቆመዋል፤ በጡብ የተነጠፈው መንገድ ላይ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ከዚያ አንዲት የናዝሬት ሴትዮ ምግብ ቤት ገባን። እዚያም ባዶ ነው። ሴትዮዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ገና ስገባ ተነሥተው አቀፉኝ፤ አቅፈውኝም ቆዩ። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ቀልቷል።

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው» አሉኝ።

ጠረጴዛውን ሞሉት። ስልጆ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ የእንጉዳይ ጥብስ፣ ስም የማላውቀውም አለ። ለሦስት ሰው! ግርማና ሰናይት አንድ ሁለት ጎርሰው አቆሙ፤ የእኔን አፍ ያያሉ። ሴትዮዋ ቆመው ያጎርሱኛል።

«ብዪ ልጄ፣ ጠግበሽ ብዪ፤ ጉልበት ያስፈልግሻል» አሉኝ።

«ለምኑ ነው ጉልበት የሚያስፈልገኝ?» አልኳቸው።

ሌላ ጉርሻ አቀረቡልኝ። ግርማ ውሃውን አነሣ፤ ሰናይት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሰናይት፣ እማዬ ምን ሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? አንቺ ደግሞ!»

«ስልክሽን ስጪኝ።»

«ቻርጅ የለውም።»

«የእርስዎን ስልክ ይስጡኝ፣ እትዬ» አልኳቸው ሴትዮዋን።

«ካርድ የለኝም፣ የኔ እናት» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እዚያ ሆነው ሲናፈጡ ሰማኋቸው።

ሰናይትን አፋጥጬ ያዝኳት። ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም ብላ በልጇ ማለችልኝ። በልጇ! ላምናት ፈለግሁ፤ አመንኳት። ስልጆውን ጨረስኩት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የበሩ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሳሎኑ ውስጥ እግር በዛ፤ የሚያወራ ሰው ግን የለም። በሩ ተከፍቶ ሰናይት ገባች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ጋሽ መኮንን በሙሉ ልብስ፣ ከእሳቸው ኋላ የማላውቃቸው ሰዎች። ገና ነጠላውን ሳየው ገባኝ።

«ጽጌ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ መኮንን፤ «እናትሽ ደክማ ነበር። ጠንክሪ። አርፋለች።»

የጮኽኩትን ጩኸት አላስታውሰውም። ጎረቤት ያሉት ፈረንጆች ፖሊስ ሊጠሩ ነበር አሉ። ሰዎቹ ያዙኝ፣ ውሃ ረጩኝ፣ ፍራሽ ወለሉ ላይ አነጠፉልኝ። «መቼ ነው የሞተችው?» ብዬ ስጠይቅ ጋሽ መኮንን ሳያመነቱ «ረቡዕ» አሉኝ። «ምን ሆና?» ስላቸው «ስኳሩ ነዋ» አሉኝ። የጠፋው ካርድም ተገኘ፤ የተበላሸው ስልክም ተሠራ። ናዝሬት ቤታችን ደወልን፤ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም።

«ለቅሶ ላይ ሆኖ ማን ስልክ ያነሣል» አለ አንዱ።

የአዳነች ሞባይል ዝግ ነው። «ልቧ ተሰብሮ አጥፍታዋለች» አለች አንዷ። ባነሡት ኖሮ ሞታለች ይሉን ነበር፤ ስላላነሡትም ሞታለች። ቤቱ ሞላ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ምግብ ቤቶቹ ከየቦታው በትሪ ላኩ። በጾሙ ምክንያት ሥራ ቀዝቅዟልና ሁሉም ባለምግብ ቤት ለመምጣት ጊዜ ነበረው። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ከአሌክሳንድሪያ መጥተው እግሬ ሥር ተቀመጡ። ያንን ያህል ሰው አልቅሶልኝ አያውቅም። እሁድም ከቅዳሴ መልስ እንዲሁ ሞላ። ድምፄ ተዘጋ፤ ደረቴን ስመታ ስለዋልኩ አበጠ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን አነሣሁ። ሰው እንዲያነሣልኝ አልጠበቅኩም። የእማዬ ስልክ ሲጠራ መስማት ብቻ ነው የፈለግሁት፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ከእሷ ወንበር አጠገብ ሲጠራ። ሁለቴ ጠራና ተነሣ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ናቸው።

«ጽጌ ነኝ» አልኩ፤ ድምፅ አይወጣኝም።

«ውይ ጽጌ! መብራት ላበራ ገብቼ እኮ ነው! ምነው ድምፅሽ? ጉንፋን ነው?»

«እትዬ ሙሉ፣ እማዬን ቀበራችኋት?»

«ምን?»

«ቀብሩ ላይ ሰው ነበረ?»

«በስመ አብ! ይቺ ልጅ ምን ትላለች? ማንን ነው የምንቀብረው? አርብ አዲስ አበባ ሄጄ አይቻት መጣሁ እኮ! እንዲያውም ያንቺን ነገር ስታነሣ ነበር።»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሰናይት አነሣችው፤ ሰማች፤ ከዚያ «አለች! አለች! በሕይወት አለች!» ብላ ጮኸች። የቤቱን ነገር እንዴት ልንገራችሁ? አንዲት አሮጊት እልልታውን አቀለጡት። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አማተበ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አቃኑ። ሐዘንተኛ ሆኖ የመጣ ሰው እየሳመ እንኳን ደስ አለሽ ይለኝ ጀመር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እዚያው ፍራሹ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። እኔም በተዘጋ ድምፄ ሳቅሁ። ጋሽ መኮንን ብቻ አልሳቁም። ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እሳቸው ግን ከሁላችንም ቀድመው ያጠፋነውን ቀን ያሰቡት ይመስለኛል።

የአዳነች ሞባይል ሆስፒታሉ ውስጥ ተሰርቆባት ኖሯል። እትዬ ሙሉ ከእማዬ አልጋ አጠገብ ያለች የአንዲት አስታማሚ ስልክ ቁጥር ሰጡን። እሱም ቶሎ አልገባም፤ ግርማ ላቡ እስኪወርድ ሞከረ። በመጨረሻ ገባ።

«አዱ!» አልኩ።

«የት ነበርሽ?» አለችኝ። ሰላምታ እንኳ የለም። «ጽጌ፣ የት ነበርሽ? ረቡዕ ነገርኳቸው እኮ!»

«ስጫት። ለእማዬ ስጫት።»

ስልኩን አልሰጠቻትም።

«አርብ ቀኑን ሙሉ፣ ትናንትም እስኪመሽ ስትጠይቅ ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ጽጌ ደወለች ወይ ትላለች። ትደውላለች፣ መስመሩ ነው እላታለሁ። ትናንት ማታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲህ አልነቃችም። ሐኪሞቹ የእግሯ ቁስል መርዝ ወደ ደሟ ገብቷል ይላሉ። ጆሮዋ ላይ ላድርግልሽ፤ አንዳንዴ ይሰማሉ ይባላል።»

አርብ። አርብ እኮ እኔ አሌክሳንድሪያ ስልጆ እየበላሁ ነበር።

የእማዬን ትንፋሽ ሰማሁ። ከባድ ነው፣ ይቆራረጣል። ያ ሁሉ ሰው ዙሪያዬን ቆሞ ያየኛል፤ ድምፄ ደግሞ በእሷው ለቅሶ አልቋል። ሹክ እንደሚል ሰው ነበር የማወራት። «እማዬ፣ ጽጌ ነኝ። ደርሻለሁ። በሰላም ደርሻለሁ። በረዶ ነው እዚህ። ሥጋ የለም፣ ጾም ነው፣ እንዳልሽው» አልኳት። ሽሮውን ነገርኳት፣ ስልጆውን ነገርኳት። እንዳትሄጂ አልኳት። ያን ጊዜ የካርዱ ሴትዮ በእንግሊዝኛ መሀላችን ገባችና አንድ ደቂቃ ቀርቶሻል አለችኝ። ሌላ ካርድ ያለው ሰው ተብሎ ኪስ ሁሉ ተበረበረ። ሲገኝና መልሰን ስንደውል አስታማሚዋ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ ስልኩም አብሯት ሄዷል።

ሰኞ ሙሉ ቀን አልተገኙም። ሰዉ ሥራው ገባ፤ ሰናይትም ከዚህ በላይ ብትቀር ትባረር ነበርና ሄደች። ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ስልኩ ጮኸ። አዳነች ናት።

«ጽጌ፣ እማዬ ሞተች» አለችኝ።

እንዲሁ በደረቁ። አሟታል የለ፣ ደክማለች የለ። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን እንደ ወረደ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ረቡዕም የነገረችው እውነቱን ነበር። አልጮኽኩም። መጮህ ፈልጌ ነበር፤ ድምፁ የለም። ፍራሹ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ገብቷል። ሶፋው ላይ ተቀምጬ በሩን አየሁ።

የሚመጣ ሰው አልነበረም። ማታ ማታ ደወሉልኝ፤ ግን ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው። አንዷ «እንግዲህ ያው ቅዳሜ መጥተናል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ሰው ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አያለቅስም፤ ኦፉንም ጨርሷል። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ተቃቅፈን ተቀመጥን፤ እሷም ብታለቅስ እኔ የማዝንባት እየመሰላት ትታፈናለች። በእናቴ እውነተኛ ሞት ቀን በዚያ ቤት ውስጥ ደረቱን የመታ ሰው የለም።

ጋሽ መኮንን ብቻ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ...» ሲሉ «ይተዉት ጋሼ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እኔ አላባበልኳቸውም። ይቅርታ አድርጌላቸው እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ አላውቅም። እጃቸውን ስሜ ሸኘኋቸው፤ ያንን ያደረግሁት ሽማግሌ ስለሆኑ ነው። በማግሥቱ ወደ ደቡብ ዳኮታ በረርኩ፤ እናቴ ያን ቀን ናዝሬት ተቀበረች።

ብዙ ዓመት አልፏል። በኋላ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ያለችው ስፕሪንግፊልድ አግብቼ መጣሁ፤ አሁን አሌክሳንድሪያ ለእኔ ሰፈር ማለት ነው። ሰዉ በሰመር ሲሰለፍ አያለሁ፣ እኔም እሰለፋለሁ፣ እበላለሁ። የካቲት ሲመጣና ምግብ ቤቶቹ ጭር ሲሉ ግን ደጃፋቸውን አልረግጥም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአገር ቤት ተደውሎ የእገሌ እናት ታማለች ከተባላችሁ፣ ስልኩን ለእገሌ ስጡት። ሞታ ከሆነ የምታጡት ነገር የለም፤ አንድ ቀን ቀድሞ ያለቅሳል። ካልሞተች ግን የወሰዳችሁበትን ማንም አይመልስለትም። ቅዳሜን አትጠብቁ። ይህን የምለው ትሰሙኛላችሁ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ መኮንን ከዚያ ወዲህ መርዶ መንገር ተዉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ ሽማግሌ ተካ። እሱም ቅዳሜ ሲነጋ ነው የሚያረዳው።

አዳነችና እኔ ግን ተማምለን ነበር። ከእንግዲህ በመካከላችን መደበቅ የለም ተባብለን፣ በእማዬ አጥንት ነው የማልነው። አምና ድምፅዋ ደከመብኝ፤ «ምን ሆነሻል?» ስላት «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለችኝ። ለካ ጡቷ ላይ እጢ ወጥቶባት ኦፕሬሽን አድርጋ፣ ከሆስፒታል ወጥታ፣ ቤቷ ተኝታ ነው የምታወራኝ። የነገረችኝ ከወር በኋላ ነው። እንደ እብድ ጮኽኩባት።

«እንዳትጨነቂ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ።

እሷ! ያቺ ረቡዕ ያለቀሰችው!

አሁን ደህና ነኝ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ለባሏ እደውላለሁ። እሱም ደህና ናት ይለኛል።